ክሊፎርድ በዶሪን ፊት የተናገረው

ልጁ ጂሊያን በስልክ አስጠንቅቃው ነበር፤ አላስጠነቀቀችውም እንዳትሉ።

«አባዬ፣ ሴትዮዋ ስትመጣ ቤቱን እንዳታጸዳ! የእማዬንም ፀጉር እንዳትነካ። እንዳለች ትያት።»

«እንግዳ ቆሻሻ ቤት ላስገባ?»

«እንግዳ አይደለችም እኮ! የከተማው አስተዳደር፣ የካውንስሉ ሠራተኛ ናት። እማዬ ቤቷ መኖር ትችላለች ወይስ መጦሪያ መግባት አለባት የሚለውን አይታ ልታስወስን ነው የምትመጣው። ደህና መስላ ከታየቻት ለመጦሪያው አይከፍሉልንም፤ ገባህ?»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ ክሊፎርድ። ስልኩን ዘጋና ምንጣፉን መጥረግ ጀመረ።

እንግዲህ ምን ታደርጉታላችሁ! እኛ የሰሜን እንግሊዝ፣ የላንክሻየር ሰዎች እንዲህ ነን። አንዱ ሊሞት እያጣጣረ «እንዴት ነህ?» ቢሉት «አላማርርም» ነው መልሱ። ጓዳችን ቢቃጠል እንኳን የሳሎኑ መጋረጃ መታጠብ አለበት። ክሊፎርድ ደግሞ ከሁላችንም የባሰ ነው። ጡረታ እስኪወጣ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ አንድም ቀን ጫማው ሳይወለወል ያየው ሰው የለም።

ሚስቱ ዶሪን ገበያው ውስጥ አይብና ቅቤ ስትሸጥ የኖረች ናት። ደንበኛውን ሁሉ በስሙ ነበር የምትጠራው። አሁን የገዛ ልጇም ስም ጠፍቶባታል። ምድጃው ላይ ፎጣ ረስታ የወጥ ቤቱን ግድግዳ ካስለበለበች ወዲህ ክሊፎርድ የምድጃውን ማዞሪያዎች ነቅሎ በኮቱ ኪስ ይዞ ይዞራል። ያጥባታል፣ ያለብሳታል፣ ያጎርሳታል፤ ሽንት ቤት ያደርሳታል፣ ሳይደርሱ የሚቀሩበትም ቀን ብዙ ነው። ወገቡ ከተጎዳ በኋላ ሐኪሙ «ከእንግዲህ ሰው ካነሳህ አንተም አልጋ ላይ ትቀራለህ» ብሎታል።

መጦሪያውን የመረጠው እሱ ራሱ ነው። ጂሊያን መጀመሪያ ከኮረብታው ማዶ ያለውን አዲሱን ወስዳ አሳየችው። ምንጣፉ እግር ይውጣል፤ መግቢያው ላይ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ባለቀለም ዓሣ ይዋኛል። «ውብ ነው» አለ ክሊፎርድ፤ «ግን በሁለት አውቶቡስ ነው የሚመጣው። እሁድ ደግሞ አንደኛው የለም።» ብራምብል የሚባለው ግን ከቤቱ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። ቀለሙ የተላላጠ፣ የተቀቀለ ጎመን የሚሸት አሮጌ ቤት። ክሊፎርድ ሲገባ አሮጊቶቹ ጠረጴዛ ከበው ፎጣ ያጣጥፋሉ፣ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። አንዷ ያጠፈችውን ሁሉ መልሳ ስትፈታ ማንም ምንም አላላትም። «ዶሪን ሥራ ትወዳለች፤ እዚህ ትሁንልኝ» አለ።

በእግሩ መምጣት ይችላላ! እሱ የፈለገው ይህችን ብቻ ነው፤ ቀሪ ዕድሜያቸውን በየቀኑ ሄዶ አጠገቧ መቀመጥ። የቤቱ ኃላፊ ሚስስ ፔምበርተን ባዶ የሆነችውን ክፍል እስከ ወሩ መጨረሻ ለማንም እንደማትሰጥበት ቃል ገባችለት። ክፍያው ግን በጡረታ የሚቀመስ አልነበረም። ካውንስሉ ካልከፈለ ነገሩ አለቀ።

ይህን ሁሉ እያወቀ ነው እንግዲህ የሳሎኑን መስኮት የወለወለው። የዶሪንን ፀጉር አጠበ፣ ጠቀለለ፣ ሰማያዊ ቀሚሷን አለበሳት። በጠዋት ተነስቶም የድንችና የሥጋ ፓይ ጋገረ።

የካውንስሏ ሴት ሃዘል ትባላለች፤ ቀጭን፣ ድምጿ ለስለስ ያለ፣ ጉንፋን የያዛት ልጅ ናት። ገና በሩ ላይ ስትደርስ ዶሪን ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ውይ የኔ ቆንጆ፣ በዚህ ብርድ! ግቢ፣ ግቢ። ክሊፍ፣ ለልጅቷ ሻይ አምጣላት እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?»

ክሊፎርድ ክው አለ። ስሙን ከጠራችው ስንት ጊዜዋ!

ሃዘል ሻዩን እየጠጣች በቀስታ መጠየቅ ጀመረች። «አሁን ያለንበት ወር ማን እንደሆነ ያስታውሳሉ?»

ዶሪን ዞር ብላ ክሊፎርድን አየችው። እሱ ደግሞ ለምዶበታል፤ ሰው ፊት መልስ ሲጠፋባት ሹክ ሳይል ማቀበል ሥራው ሆኗል። «በቀደም ርችት ሲተኩሱ ድመቷ ደነገጠች አይደል?» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ።

«ኖቬምበር ነዋ!» አለች ዶሪን፤ በእኛ አገር የርችቱ ወር እሱ ነው።

«የጠቅላይ ሚኒስትሩ ስምስ?»

«አደራሽን፣ የነሱን ስም አታስጠሪኝ! ምሳዬን በሰላም ልብላበት!»

ሃዘል ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ክሊፎርድም ሳቀ፤ ከልቡ ሳቀ። ከዚያ ፓዩ ተቆረሰ። ሃዘል ቀምሳ፣ «ሲጣፍጥ! ማን ነው የጋገረው?» አለች። ዶሪን አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው፤ ገበያ ውስጥ ሰው አይቧን ሲያደንቅላት የምታየው አስተያየት።

«እሷ ናታ!» አለ ክሊፎርድ። ከአፉ አመለጠው። «ምግብ ላይ ማን ይደርስባታል!»

አይ ክሊፎርድ! ለዚያች አንዲት ሰዓት ሚስቱ ተመልሳለት ነበር፤ ታዲያ እንዴት አድርጎ ያሳጣት? ሃዘልን እስከ አጥር በር ሸኝቶ ሲመለስ ልቡ ሞልቶ ነበር። ዶሪን ሳሎኑ መሐል ቆማለች፤ ቀሚሷ እስከ ታች ርሷል።

«አንተ ደግሞ ማነህ?» አለችው። «ባሌ ሳይመጣ ውጣልኝ።»

ከካውንስሉ የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ ወይዘሮዋ በቤታቸው መኖር ስለሚችሉ ጠዋትና ማታ ለግማሽ ሰዓት የምትረዳ ሰው ትላክላቸዋለች። ጂሊያን በስልክ ጮኸችበት። «ፓይ ጋገርክ! አባዬ፣ ፓይ ጋገርክላት!» ጮኻ ጮኻ መጨረሻ ላይ እሷው አለቀሰች። በዚያው ሳምንት ዶሪን በሌሊት ልብሷ፣ በባዶ እግሯ፣ በዝናብ ወጥታ ገበያው በር ላይ ተገኘች። ሱቄን ክፈቱልኝ እያለች የብረቱን በር ስትደበድብ ያገኛት ሥጋ ሻጩ ነው፤ ካፖርቱን ደርቦላት ይዟት መጣ። ጂሊያን ይህንን ለካውንስሉ ነግራ፣ ለምና፣ ተቆጥታ፣ ነገሩ እንደገና እንዲታይ አደረገች። «ይኸው ነው አባዬ» አለችው። «እውነቱን ካልተናገርክ ክፍሉ ለሌላ ሰው ይሄዳል። ከዚያ ከኮረብታው ማዶ ቦታ ከተገኘ ዕድለኞች ነን።»

ሃዘል ተመልሳ መጣች። በዚህ ቀን ፓይ የለም፣ ምንጣፉም አልተጠረገም። ክሊፎርድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወጥ ቤት ገባ ብለን ብናወራ?» አላት።

«በጣም አዝናለሁ» አለች ሃዘል፤ ማዘኗም ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር። «ስለ እሳቸው የሚባለው እሳቸው ባሉበት ነው መባል ያለበት። መብታቸው ነው።»

መብት! በርግጥም መብት ነው፤ ግን ሕጉን ያወጣው ሰው ከዶሪን ጋር አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ክሊፎርድ ጎሮሮውን ጠረገ። ጫማውን እያየ ጀመረ።

«ፓዩን የጋገርኩት እኔ ነኝ» አለ። «ወሩንም የነገርኳት እኔ ነኝ።»

ዶሪን ፈገግ ብላ ታዳምጣለች፤ ጨዋታ መስሏታል።

«ሽንት አይቆምላትም። ሌላውንም… ሌላውንም ልብሷ ውስጥ ነው። አንዳንዴ በመሐረብ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ትደብቀዋለች። ላጥባት ስል ትመታኛለች።» እጅጌውን ሰብስቦ የበለዘውን ክንዱን ለሃዘል አሳያት። «ሌባ ትለኛለች። ብቻዋን ከተተወች ቤቱን ታቃጥለዋለች። እኔ አልቻልኩም፤ ጓሮ ወጥቼ አለቅሳለሁ። ጂሊያን እንኳን ይህን አታውቅም።»

ቀና ሲል የዶሪን ፈገግታ የለም። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ግጥም አድርጋ ይዛለች። ምን ያህሉ እንደገባት እግዜር ይወቅ፤ እፍረቱ ግን ገብቷታል፣ ያውም በደንብ።

«ምን አደረግሁህ?» አለችው ቀስ ብላ። «አንተ ሰው፣ እኔ ምን አደረግሁህ?»

ክሊፎርድ እጇን ሊይዝ ሲል ሸሸችው። ወደ ሃዘል ዞራ፣ እንባ ባቀረረ ዓይን፣ በጨዋ ደንብ፣ «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ቤቴ መጥተሽ በመስማትሽ» አለቻት። ሃዘል ብዕሯን አስቀመጠችና መስኮቱን አየች።

ፈቀዱለት። ሃዘል ራሷ ደውላ ነው የነገረችው። ክፍያው ተያዘ፣ ክፍሏም ለሌላ ሳትሰጥበት ደረሰችለት፤ ዶሪን ብራምብል ገባች። ሚስስ ፔምበርተን፣ «እስክትለምደን መጀመሪያ ሰሞን ባትመጣ ይሻላል» ስላለችው ክሊፎርድ በባዶ ቤቱ ጫማ ሲወለውል ሰነበተ። ከዚያ ክራቫቱን አስሮ፣ የምትወደውን የዝንጅብል ኬክ ይዞ ቁልቁል ወረደ።

ፎጣ የሚታጠፍበት ጠረጴዛ ዘንድ አገኛት። ፊቷ ሞልቷል፤ ከጎኗ ላለችው ሴት ፎጣ እንዴት እንደሚታጠፍ እያሳየች ታዛለች። ክሊፎርድ ደስ አለው፣ ጥሩ አድርጎ መረጠ። ዶሪን ቀና ስትል አየችውና እጇ ፎጣው ላይ ደረቀ።

«ያ ሰውዬ» አለች። «ስለ እኔ ለሰው ሁሉ የሚያወራው! አታስገቡት!»

ስሙን ረስታለች። ሠርጋቸውን፣ ልጇን፣ የኖረችበትን ቤት ረስታለች። ያቺን አንዲት ቀን ግን ምን ቆርጧት ትርሳት! ልጅነቱ ያልለቀቀው የቤቱ ነርስ ክሊፎርድን ወደ ኮሪደሩ አወጣውና፣ «ያልፍላቸዋል ጋሼ፣ ጊዜ ይስጧቸው፤ ይህንንም ይረሱታል» አለው።

«እስኪ ትርሳው» አለ ክሊፎርድ። «ሁሉን ስትረሳ ይህን ብቻ ለምን ሳትረሳ ትቀራለች?»

በማግስቱ ሄደ፤ ጮኸች። በሦስተኛው ቀንም ጮኸች። ከዚያ በኋላ አይገባም። የብርዱ ወራት አልፎ ዛፉ እስኪያብብ ድረስ በየቀኑ ይወርዳል፣ ኮሪደሩ ላይ መስታወት ካለው በር ጎን ወንበር ሰጥተውታል፤ እሷ አታየኝም በሚልበት በኩል ተቀምጦ ያያታል። በልታለች ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ በልታለች ይሉታል። ከሳቀች እሱም ብቻውን ይስቃል።

አንድ ቀን ወንበሩን ሳያስተውል ወደ ፊት አስጠግቶት ኖሮ ዶሪን አየችው። ክሊፎርድ ሊሸሽ ብድግ አለ። እሷ ግን አልጮኸችም፤ ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ ነርሱን በእጇ ጠራችው።

«ያ ሽማግሌ ሁልጊዜ እዚያ ነው» አለችው። «ሰው የለውም መሰለኝ፤ ያሳዝናል። ሻይ ውሰድለት።» ክሊፎርድ እጁን የበሩ እጀታ ላይ አደረገ። ዶሪን ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ግን እንዳታስገባው። ክፉ ሰው ነው።»

ነርሱ ሻዩን ይዞ ወጣ። ክሊፎርድ «አመሰግናለሁ» ብሎ ተቀበለው፤ ወንበሩን ወደ ግድግዳው መልሶ ሻዩን ጠጣ።