አሥራ ሦስተኛው ማኅደር

መሪጌታ ገብረ መድኅን የደብራቸውን የጥምቀት መዝገብ ሠላሳ ዓመት በእጃቸው ጽፈዋል። ባለፈው ክረምት የዕቃ ቤቱ ጣራ አፍስሶ መዝገቡ ውኃ ገባበት፤ ቅጠሎቹም ተጣብቀው እንደ ጡብ ደረቁ። ደግነቱ ገጹ ሁሉ ቀደም ብሎ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ፣ እያንዳንዱ ፎቶ በጥምቀቱ ቀን፣ ወርና ዓመት ተሰይሞ ነበር። መሪጌታም ፎቶዎቹን በሚኒባስ ከጎባ ወደ ሮቤ ወስደው፣ ኮምፒውተር ቤት ላላት ለሰሚያ በወር በወሩ እንድትለያቸው ሰጧት። በስልኩ ላይ የነበሩት ከዚያ ወዲያ ተደምስሰዋል።

ሰሚያ ሁለት ሺሁን ፎቶ በእጅ መለየት እንደማይሞከር ነግራቸው ነበር። ይልቁንም የየወሩን ማኅደር ራሱ ከፍቶ እያንዳንዱን ፎቶ ወደ ወሩ የሚያዛውር ስክሪፕት፣ ማለትም አጭር ፕሮግራም፣ ጻፈች፤ ሥራው ባንድ ደቂቃ አለቀ።

ረቡዕ ጠዋት መሪጌታ የመጡት አንዲት ገጽ ፈልገው ነው። በደብራቸው ክርስትና የተነሣችው ፌበን ለእሑድ ሠርግ ተደግሶላታል፤ የሙሽራው ደብር ደግሞ ያለ ጥምቀት ማስረጃ ሥርዓተ ተክሊል አይፈጽምም። የተጠመቀችው ጳጉሜን ሦስት ቀን ነው።

ሰሚያ በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ፣ አባባ» ብላ ሰላምታ አቅርባ ወንበር ሰጠቻቸውና ማኅደሮቹን ከፈተች። ከአንድ ጀምረው አሥራ ሁለት ላይ አበቁ። ከታች «13» የተባለ አንድ ፎቶ ብቻውን ቀርቷል፤ የሌላ ሕፃን ገጽ ነው።

የሰሚያ ፊት ተለዋወጠ። አሥራ ሦስተኛ ማኅደር ስላልተከፈተ ማሽኑ ቁጥሩን የፎቶ ስም አድርጎት፣ ተከታዩ ሁሉ በቀዳሚው ላይ እየተጻፈ እንዳጠፋው ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ከአርባ ሰባቱ የጳጉሜን ፎቶዎች የተረፈው የመጨረሻው ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባባ። ለአንድ መሥሪያ ቤት ደመወዝ የጻፍኩትን ስክሪፕት ነው ያመጣሁት። ጳጉሜን ደመወዝ ስለሌላት ወሮቹን አሥራ ሁለት ብያቸው ነበር።»

መሪጌታ አንገቷን ደፍታ ሲያይዋት አዘኑላት።

«ደመወዝ በሌለበት ወር ሕፃን አይጠመቅም ብለሽ ነዋ፣ ልጄ» አሏት።

እሷም ሳትፈልግ ሣቀች። ከዚያ ኮምፒውተሩን ማንም እንዳይነካው አዘዘች፤ የጠፋው ፎቶ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ከሥር እንደሚቆይ፣ ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራምም እንዳላት ነገረቻቸው። መሪጌታ ይህን ለመረዳት አልተቸገሩም፤ በተፋቀ ብራና ላይ የፊተኛውን ቀለም ጥላ ስንት ጊዜ አንብበዋል።

ፕሮግራሙ ሲሠራ ዋለ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መሪጌታ በረንዳው ላይ ቆመው የሰዓቱን ጸሎት አደረሱ፤ ጥቂት ቆይቶ ሰሚያም ለከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት ተነሣች። ስትመለስ አርባ ሦስት ፎቶዎች ተገኝተዋል፤ ግን የፎቶ ስማቸው ስለጠፋ የማን እንደሆኑ አይታወቅም።

«ከዚህ በኋላ ያለው የእርስዎ ሥራ ነው» አለቻቸው።

መጀመሪያ ስክሪፕቱን አረመች፤ ወሮቹን አሥራ ሦስት አደረገች፤ ማኅደር ሲጎድልም ዝም ብሎ እንዳያልፍ ቆሞ እንዲጠይቅ አዘዘችው። ፎቶዎቹንም ሌላ ቦታ ገለበጠች። ከዚያ መሪጌታ የገዛ እጅ ጽሕፈታቸውን ከስክሪኑ ላይ እያነበቡ ቀኑን ይነግሯት፣ እሷም የፎቶውን ስም ትጽፍ ጀመር። ሠላሳ አንደኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቋረጠ።

«ምነው፣ አባባ? ደብዝዟል?»

«ወለተ ሩፋኤል» አሉ መሪጌታ። «ይቺ ፌበን ናት።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሰሚያ፣ ወዲያውም አተመችላቸው።

ወረቀቱን አጥፈው ከኩታቸው ሥር ያዙት። የቀሩትን አሥራ ሁለቱንም አንብበው ሲጨርሱ ሦስት ሕፃናት ገና አልተገኙም፤ መሪጌታ እነማን እንደሆኑ ከትውስታቸው ለዩ። መሪጌታ ለመሄድ አልቸኮሉም፤ ብዕር ተቀብለው የሦስቱን የክርስትና አባት ወይም እናት ስም እያስታወሱ ይጽፉ ጀመር፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የጥምቀቱን ቀን አንድ በአንድ ሊጠይቋቸው።