የሁዳዴ ሩጫ

ሸዋንግዛው ዳገቱ መሐል ተንበረከከ። ያዘለው የአሸዋ ከረጢት ወደ አንገቱ ተንሸራተተ።

«ተነሣ! ጃባዱ፣ በርታ!» ብለው ጮኹ የሚስቱ አባት አቶ ደርበው፣ መሬቱን በዱላቸው እየመቱ።

አቶ ደርበው ሃያ ዓመት ሙሉ ከመቱ ከተማ እስከ ጎሬ ደብዳቤ ያመላለሱ እግረኛ መልእክተኛ ናቸው። ጉልበታቸው ሲከዳቸው ሥራውን ለልጃቸው ለፈትለወርቅ ባል ሊያወርሱ ፈለጉ። አዲሱ ሹም ግን «ረቡዕ ማለዳ ተነሥቶ፣ ጎሬ ደርሶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለስ። ካልቻለ ሌላ ሰው አለኝ» አሉ። ፈትለወርቅ ደግሞ ወሯ ገብቷል። ባሏ ሥራውን ካጣ አራስ ጥሎ ለቀን ሥራ ያዮ ጫካ ሊወርድ ነው።

ሽማግሌው ሥልጠናውን በብልሃት ነበር የጀመሩት። መጀመሪያ ባዶ ጀርባ፣ ከዚያ አንድ እፍኝ አሸዋ፣ ከዚያ ሁለት፤ በከባድ ቀን ማግስት ዝግ ያለ እርምጃ። የሚገርመው፣ ቅዳሜና እሑድ ሰውዬው ይበራል፤ ሰኞ ሲመጣ እግሩ ይተሳሰራል። ልግመት መሰላቸውና አሸዋ ጨመሩበት። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ፈተናው ነገ።

«ለምን ትለግማለህ?»

«አልለገምኩም አባባ፤ ዓይኔ ጨለመብኝ።»

«ቅዳሜስ እንዴት ቻልክ?»

«ቅዳሜማ ጠዋት ቆርሼ ነው የወጣሁት።»

አቶ ደርበው ከረጢቱን ከጀርባው አወረዱለት። ሁዳዴ ነው፤ ከቅዳሜና እሑድ በቀር እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀመስም። እሳቸው በዘመናቸው በጾም ወራት መንገዱን ለሁለት ቀን ይከፍሉት ነበር። ሸክሙን፣ ርቀቱን፣ ዕረፍቱን ሁሉ ሲያሰሉ የሰውዬውን ሆድ ረስተውት ኖሯል። አፈሩ።

ከሰዓት በኋላ የነፍስ አባታቸው መምሬ ገብረ ሥላሴ ዘንድ ሄደው ሸዋንግዛው ነገ ጠዋት እንዲበላ ፈቃድ ጠየቁ።

«የታመመ ይበላል። ሩጫ ሕመም ነው እንዴ?»

«አይደለም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ይጹማ።»

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ሸዋንግዛው የደብዳቤውን ከረጢት አንግቶ በር ላይ ቆመ። ፈትለወርቅ ሆዷን ደግፋ አባቷን አየቻቸው።

«አባባ፣ እንዲሁ ባዶ ሆዱን ይሂድ?»

ሽማግሌው ወደ ጓዳ ገብተው ለዘጠኝ ሰዓት የተቀመጠውን ቂጣ ይዘው ወጡና ቆረሱት።

«አልበላም» አለ ሸዋንግዛው ወደ ኋላ እያለ። «ኃጢአት ነው፣ አባባ።»

አቶ ደርበው ዕድሜ ልካቸውን ሁዳዴን አንድ ቀን ገድፈው አያውቁም። የመጀመሪያውን ቁራሽ ራሳቸው ጎረሱ፤ አላምጠውም ዋጡ። ከዚያ የቀረውን ዘረጉለት።

«ንስሐው የሁለታችን ሆኗል። በል ጉረስ፣ ፀሐይዋ ወጣች።»