የሾፌሩ ጭቃ

የመጨረሻው ውሃ ጠርቶ ሲወርድ እትዬ ረካች። ከዚያ በፊት ደጋግሞ ደፍርሶ፣ የወተት ሻይ መስሎ ነበር የወረደው። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሰንሰለቱን፣ ሰንሰለቱ የሚዞርባቸውን ትንንሽ ጎማዎች፣ ከሆዱ ሥር ያለውን ስንጥቅ ሁሉ ፈትጋዋለች። ብረት ለበስ መኪና ነው፤ መትረየሱ፣ ክዳኑ፣ የፊት መብራቱ ሳይቀር የተሟላለት፣ ግን ከአንድ ዳቦ የማይበልጥ የፕላስቲክ ብረት ለበስ። አራግፋ ከእንግዳ ብርጭቆዎቹ ጎን ፎጣ ላይ አስቀመጠችውና፣ ከትከሻዋ በማይለየው ጨርቅ እጇን እያደረቀች አየችው።

"አሁን ገና ሰው ፊት ትቀርባለህ" አለችው።

ከሳሎን የለቀስተኞች ድምፅ ይሰማል። ሐዘን ቤት የመጣ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ቀጥሎ ያንሾካሹካል፣ በመጨረሻ ስለ ትራፊክ መጨናነቅ ያወራል፤ የዛሬዎቹ እዚያ ደርሰዋል። እትዬ ግን ወንድሟ ከተቀበረ ወዲህ ከሰው ጋር አልተቀመጠችም። ሌላው ሲያነባ እሷ ትጠርጋለች፣ ትወለውላለች፣ የታጠበውን መልሳ ታጥባለች። እባክሽ አረፍ በይ ሲሏት ሥራ አለብኝ ትላለች።

ሰው ሁሉ እትዬ ይላታል። ነገሩ የመጣው ከወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና አፉን እየፈታ ነበርና፣ አጥባ አጉርሳ ያሳደገችው እሷ ናት። እሱ እትዬ ስላላት ሠፈሩም እትዬ አላት፤ ኋላም ሚስቱ እትዬ አለቻት። የወጣላት ስም መታወቂያዋ ላይ ብቻ ቀረ።

ሚስቱ ባዶ ሲኒ የሞላበት ትሪ ይዛ ማድ ቤት ገባች። ፎጣው ላይ ያለውን ስታይ ትሪውን ድምፅ እንዳያሰማ አድርጋ አስቀመጠችው። ጣቷን ወደ መኪናው ጎን ሰደደች። ጣቷ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ።

"አጠቡት" አለች።

"ጭቃ በጭቃ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበራ። እንግዳው ሁሉ እያየው።"

ሚስቱ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ለእትዬ ይቀላት ነበር። ሳሎን እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጭቃው የተረሳ እድፍ ሳይሆን ሥራ እንደነበር ነገረቻት። ባልዋ ክረምቱን ሙሉ የለፋው በእሱ ላይ ነው። ደግሞም እንዲሁ የማንም መኪና አልነበረም፤ በወጣትነቱ ዘምቶ የነዳው የዚያ ብረት ለበስ አምሳያ ነው። ከላይ መትረየሱ ላይ ይቀመጥ የነበረው ጓደኛው፣ ተኳሹ የሚሉት፣ ዛሬም አለ። ባልዋ ሊሞት ሰሞን ደውሎለት ጨርሻለሁ ብሎታል። መጥተህ ጭቃውን እይልኝ፣ አንተ ልክ ነው ካልከኝ እንዳይለቅ ቫርኒሽ እረጭበታለሁ ብሎታል። ቫርኒሹ ስላልተረጨ ነው በውሃ የሄደው።

"ተኳሹስ?" አለች እትዬ።

"ለቀብሩ አልደረሰም። ነገ ይገባል።" ሚስቱ ትሪውን መልሳ አነሳች። "ስልኩን ሳነሳ መጀመሪያ የጠየቀኝ እሱን ነው። መኪናው አለ ወይ ብሎ።"

ምነው እጄን በቆረጠው አለች እትዬ፤ ያለችው ግን በልቧ ነው።

ወንድሟ የመኪና ቀለም ቀቢ ነበር። ጎኑ የተጨማደደ መኪና ይመጣለትና፣ ሲወጣ ባለቤቱ ራሱ የቱ ጋ እንደተጋጨ ይጠፋበታል። የሞተውም እዚያው ጋራዡ ውስጥ ነው፤ ግማሹን የላገውን በር ተደግፎ ቁጭ እንዳለ ልቡ ቆመች። ማታ ማታ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ በካርቶን ታሽጎ ቁርጥራጭ ሆኖ የሚመጣ የፕላስቲክ ብረት ለበስ ይገጣጥማል። አሳምሮ ይቀባዋል። ከዚያ ያን ያማረ ቀለም ማበላሸት ይጀምራል። በስፖንጅ ቁራጭ ነካ ነካ አድርጎ ቀለሙ የተላጠ ያስመስለዋል፤ በቀጭን ብሩሽ ከየብሎኑ ሥር ዝገት ያስነባዋል። እትዬ ልትጠይቀው በመጣች ቁጥር መሳቂያዋ ይህ ነበር።

"ሰው እድፍ ይጠርጋል እንጂ እድፍ ይስላል?"

"እትዬ፣ ቀን ሙሉ የተጎዳውን ያልተጎዳ ሳስመስል ነው የምውለው። ማታ አንዱን እንኳ እውነቱን ልናገርበት።"

ጨዋታ መስሏት ነበር። አሁን ማጠቢያው ፊት ብቻዋን ቆማ፣ ሌላ ውሃ ትዝ አላት።

ከዘመቻ የተመለሰ ዕለት ነው። ደጃፍ ላይ አስቁማ የደንብ ልብሱን አስወለቀችው። ደረቱ ላይ ጭቃው ደርቆ እንደ ቅርፊት ተጋግሮበታል። በትልቁ ድስት ቀቀለችው፣ ገንዳ ውስጥ በሳሙና አሸችው፣ እንደገና አሸችው፤ አስጥታ ስታበቃ እይ አዲስ አደረግሁልህ ብላ ጠራችው። እሱ ልብሱን አላየም። ጎንበስ ብሎ ገንዳው ውስጥ የቀረውን ውሃ አየ።

"ሁሉም ወጣ?" አላት።

"ጭቃ ናፈቀህ እንዴ?" ብላ ሳቀችና ገንዳውን ደፋችው። እሱ ውሃውን መሬቱ መጥጦ እስኪጨርሰው ቆሞ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወዲያ ስለ ዘመቻው አንድም ቀን አላነሳላትም። እሷም ንጹሕ ለብሶ ጠግቦ ካደረ ምን ጎደለው ብላ አልጠየቀችውም።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ከጓሮ በቆርቆሮ አፈር ይዛ ገባች። ሚስቱ ቆርቆሮውን አየች፣ እሷን አየች። ከዚያ መሳቢያ ከፍታ እጀታው ላይ ቀይ ሽቦ የታሰረበት የሻይ ማጥለያ አወጣች። ድሮ ባልዋ አንዱን ማጥለያዋን ወስዶ አፈር ነፍቶበት ተጣልተው ነበር፤ የታረቁት ሌላ ገዝቶ ሲመጣና አሮጌው በቀይ ሽቦ ሲለይ ነው።

ሚስቱ ሥራውን የምታውቀው ተምራው አልነበረም። በእነዚያ ማታዎች ሁሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ልብስ እየተኮሰች ስታጉረመርም ነው ያየችው። አፈሩ እንደ ዱቄት እስኪልም ይነፋል። የጓሮው አፈር ቀላ ይላል፤ የሚፈልገው ግን አመድማ ነበር፣ ስለዚህ ጠመኔና ከሰል በምላጭ እየፋቀ ይጨምርበታል። ለማያያዣ ትንሽ ነጭ ሙጫ በውሃ። በግራ በኩል እስከ ክዳኑ ድረስ ወፍራም፣ በቀኝ በኩል ከሰንሰለቱ አይዘልም። ለምን እንደዚያ እንደሚያዘነብለው ጠይቃው፣ መኪናው ራሱ አዘንብሎ ነበር ብሏታል። ሌላ አልነገራትም።

ዕድሜዋን ሙሉ ከጭቃ ጋር የተጣላችው እትዬ ነፋች፣ ፋቀች፣ በጠበጠች። አንዴ እጇ ቆሞ እንባዋ ሲቀድማት ሚስቱ ሳታያት ተናገረች።

"እሱም እኮ ስንቴ አጥቦታል። ሲደርቅ ያየውና አይ ይህ አይደለም ብሎ ያጥበዋል። እርስዎ የመጀመሪያዋ አይደሉም።"

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታቸው ለሻዩ ማጥለያ ፍለጋ ብቅ ስትል፣ ሁለቱ ሴቶች አንድ ሳህን ጭቃ ላይ አቀርቅረው በብሩሽ መጫወቻ ሲለስኑ አገኘቻቸው። ቀይ ሽቦ ያለበትን እንዳትነካ ነገሯት። ሳሎን ተመልሳ፣ ሐዘኑ ራሳቸው ላይ ወጥቷልና አይዟችሁ እንበላቸው ብላ አንሾካሾከች ይባላል።

ተኳሹ ከሰዓት በኋላ መጣ። ፀጉሩን ሽበት የወረሰው፣ ቀኝ እጁ ያለ ፈቃዱ የሚንቀጠቀጥ ረጅም ሰው ነው። ሚስቱን አቅፎ አለቀሰ። ቀጥሎ እትዬን ሲያይ፣ ሾፌሬ ሳያነሳዎት የዋለበት ቀን የለም፣ ልብስ ስናጥብ ሁሉ እትዬ ብታየን ትስቅብን ነበር ይለን ነበር አላት። እትዬ መሬት መሬት አየች። ሻይ ቀረበለት፤ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ መኪናውን አምጥተው ፊቱ አስቀመጡለት።

ተኳሹ ጎንበስ ብሎ በአፍንጫው ሊነካው እስኪደርስ ተጠጋ። ከኋላ ጀምሮ በግራ በኩል ዐይኑን እያስከተለ መጣ።

"ያ ወንዝ ነው" አለ። "ጭቃው ራሱ ነው።"

እትዬ ቀና አለች። እሱ ግን አልቆመም፤ የሾፌሩ ክዳን አጠገብ ሲደርስ ዐይኑ እዚያው ተመላለሰ፤ መነጽሩን አውጥቶ አደረገ።

"እጁስ?" አለ። "ሾፌሬ በስልክ እጁንም አድርጌዋለሁ ብሎኝ ነበር።"

ሚስቱ እጅ የሚባል ነገር አላየችም ነበር። ልትናገር አፏን ስትከፍት እትዬ ቀደመቻት።

"እኔ አጥቤው ነው። ይህን አሁን የምታየውን እኛ ነን የለሰንነው። ምን እንደነበረበት አላውቅም።"

ተኳሹ መነጽሩን አውልቆ ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ የተናገረው ለእሷ ብቻ እንደሆነ ሁሉ ነው። መኪናው ውስጥ ሦስት ነበሩ። ሦስተኛው ሊያገባ ቀን የቆረጠ ልጅ ስለነበር ሙሽራው ይሉት ነበር። ዝናብ ውስጥ ወንዝ ሲሻገሩ መኪናው በግራ ጎኑ ዘመም ብሎ ተቀረቀረ። ሙሽራው ወርዶ በእጁ ከሰንሰለቱ ሥር ጭቃውን ዝቆ ድንጋይ ደለደለ። መኪናው ተነቀለ። ልጁ ደስ ብሎት እየሳቀ፣ በዚያ ጭቃ እጁ የሾፌሩን ክዳን ጎን መታ መታ አደረገና "ንዳ፣ ወጥተናል" አለ። ጥይቱ የመጣው ያኔ ነው። ሾፌሩ ዘሎ ወርዶ ደረቱ ላይ አቅፎት ነበር፤ እስኪያልፍ ድረስ አልለቀቀውም።

"መዳፉ ብረቱ ላይ ቀረ" አለ ተኳሹ። "አምስቱም ጣት። ሾፌሬ ማንም እንዳያጥበው ከለከለ። በኋላ ዝናብ ወሰደው።"

እትዬ በዐይነ ልቦናዋ ያንን ልብስ አየች። ያንን ገንዳ አየች። መሬቱ ውሃውን ሲመጥጥ፣ ወንድሟ ቆሞ ሲያይ አየች። ሁሉም ወጣ ብሎ ጠይቋት ነበር።

ሚስቱ ተነስታ የተረፈውን ጭቃ በሳህኑ አመጣች፤ ቀጭኑን ብሩሽም። ተኳሹ ብሩሹን ተቀብሎ ሞከረ። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ሌላ ቦታ እንዳይነካ ፈርቶ መለሰው።

"ያጠበ እጅ ይመልሰው" አለ ቀስ ብሎ። ሽሙጥ አልነበረበትም።

እትዬ ብሩሹን አልተቀበለችም። ተንበረከከች። ትንሿን ጣቷን ሳህኑ ውስጥ ነከር አድርጋ፣ የሾፌሩ ክዳን ጎን ላይ አሳረፈችና አነሳች።

ልክ አልመጣም። ሌላው ነገር ሁሉ ልኩን ጠብቆ በተሠራበት መኪና ላይ፣ የጣቷ አሻራ ከክዳኑ ገዝፎ፣ መስመሩ አንድ በአንድ እየታየ ቁጭ አለ። ተኳሹ አየው። ሚስቱ አየችው። ሰው ሁሉ እትዬን ጠበቀ።

እጇ በልማድ ወደ ትከሻዋ ሄደ። ጨርቁን ሳበችው፤ ጭኗ ላይ አድርጋ በግራ እጇ አጣጠፈችው፤ ሚስቱ ቫርኒሹን ፍለጋ ወደ ጠረጴዛው ስትሄድ፣ የተጣጠፈውን ወንበር ሥር ወሸቀችው። ከዚያ ከለቀስተኞቹ መሃል ክፍት ወንበር ፈልጋ፣ ጭቃ የነካውን ጣቷን ሳትጠርግ በሌላው እጇ ሸፍና፣ ተቀመጠች።