አሥር ሰው በማኑሄ መቃብር ላይ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። ብርቅዬ ግን ወግታ መርሳት ያቃታት ሴት ናት። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወደ ቤቷ የሚያስገባ አቋራጭ እያላት፣ በማኑሄ በር ላለማለፍ ስትል ሰፈሩን በሙሉ ዞራ ትገባለች። ማኑሄ ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏታል።

በደሏ ይህ ነው። ማኑሄ ግቢዋ ውስጥ ሁለት ላሞች ነበሯት፤ ለሰፈሩ ወተት ትሸጣለች። አንድ ቀን የብርቅዬን ልጅ አቅፋ "ሲያምር!" አለች። በማግስቱ ልጁን ትኩሳት ጣለው። ብርቅዬ በድንጋጤ ብዛት፣ የዕድር ሴቶች በተሰበሰቡበት "ማኑሄ ቡዳ ናት፣ ልጄን በላችብኝ" ብላ አረፈችው። ሐኪሙ ታይፎይድ ነው አለ፤ ልጁም በሁለት ሳምንቱ ድኖ ኳስ ሊጫወት ወጣ። ቃሉ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና አልተመለሰም። ወተቱን የሚገዛ ጠፋ፣ ላሞቹ ተሸጡ፣ ማኑሄ ስታልፍ እናቶች ልጆቻቸውን እየጠሩ አስገቡ። እሷም አንድ ቀን እንኳ "ምን በደልኳችሁ?" ሳትል ታማ ሞተች።

ብርቅዬ ለንስሐ አባቷ ተናዝዛለች። ጾሙንም ስግደቱንም አንድ ሳታጎድል ፈጽማለች። እግዚአብሔር እንደማራት አትጠራጠርም። ያልማረቻት ማኑሄ ናት፤ ሙት ደግሞ በምን አፉ ይማራል?

ጋሼ መኳንንት አየር ጤና ላይ ብረት በያጅ ናቸው፤ የጎንደር ቤተ እስራኤል። ብርቅዬ የተሰበረ የበር ማጠፊያ ይዛ ስትሄድ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ አገኘቻቸው።

"ዛሬ አልሠራልሽም ልጄ። ማታ አስተሰርዮ ይገባል።"

"አስተሰርዮ ደግሞ ምንድን ነው ጋሼ?"

"እህል ውሃ ሳንቀምስ የምንውልበት፣ ኃጢአት የሚሰረይበት ቀን ነው። የሚሰረየው ታዲያ ፈጣሪን የበደልሽው ነው። ሰው የበደልሽ እንደሆነ ግን፣ ሄደሽ ካልታረቅሽው ቀኑ ብቻውን አያስተሰርይልሽም ይላሉ ሊቃውንቱ።"

"የተበደለው ሞቶ ቢሆንስ?"

"አሥር ሰው ይዞ መቃብሩ ድረስ መሄድ ነዋ" አሉ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። "እዚያ ቆሞ፣ ስሙን ጠርቶ፣ 'ለእግዚአብሔርና ለእገሌ በድያለሁ' ማለት ነው።"

ብርቅዬ ማጠፊያውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከሙታን ጋር መታረቅ ይቻላል ማለት ነው! እሷ በኮልፌ ብቻዋን የተሸከመችውን ጭንቀት፣ ከስንት ዘመን በፊት የማታውቃቸው ሰዎች ተጨንቀውበት፣ መላ ፈልገውለት፣ ጽፈው አስቀምጠውላታል። ሳታስበው ሁሉንም ዘረገፈችው። "ቡዳ ናት" የሚለው ላይ ስትደርስ ብቻ ለማን እያወራች እንደሆነ ትዝ አላት።

ጋሼ መኳንንት ጨርቁን አጣጥፈው አስቀመጡ። "አባቴ ቀጥቃጭ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ያቺን ቃል እየሰማሁ ነው ያደግሁት።"

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። "ይቅር ይበሉኝ ጋሼ..."

"የበደልሽው እኔን አይደለም። ሕጉ የኛ ነው፤ መንገዱን ግን ማንም አይከለክልሽም። ከአሥሩ አንዱ እኔ እሆናለሁ።"

ሕጉ አሥር ሰው ይላል እንጂ እነማንን አይልም። ብርቅዬ የማያውቋትን አሥር ሰዎች ይዛ ሄዳ መገላገል ትችል ነበር። እሷ ግን ቃሏን በጆሯቸው የሰሙትን ሴቶች መረጠችና በየቤታቸው አንኳኳች። አንዷ "ያለፈ ነገር ምን ያስቆፍርሻል?" ብላ በር ዘጋችባት። ስምንቱ እሺ አሏት። ከጋሼ መኳንንት ጋር ዘጠኝ ሆኑ። የማኑሄን ልጅ፣ ሄቨንን፣ ለመጥራት ድፍረቱ ከየት ይምጣ?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አሥረኛ ሳያገኙ መቃብሩ ዘንድ ሲደርሱ ሄቨን ቀድማቸው ቆማለች። ወሬ በኮልፌ ከታክሲ ይፈጥናል። አሥር ሞሉ።

ብርቅዬ ጫማዋን አውልቃ ተንበረከከች። "ለእግዚአብሔርና ለማኑሄ በድያለሁ። ቡዳ ናት ያልኩት ውሸት ነው። የፈራሁት እኔ፣ ፍዳውን ያየችው እሷ።"

አሥሩ ሦስት ጊዜ "ተሰረየልሽ" እንዲሏት ጋሼ መኳንንት በመንገድ ላይ አስረድተዋቸው ነበር። ከማለታቸው በፊት ግን አንዲት አሮጊት ከሰልፉ ወጥተው ከብርቅዬ ጎን ተንበረከኩ። "እኔም በድያለሁ። የሰጠችኝን ወተት ደፍቼዋለሁ።" ሌላዋ ተከተለች፤ "እኔም ቃሉን ለእህቶቼ አድርሻለሁ።" ማንም ሳያዛቸው፣ አንድ በአንድ፣ ስምንቱም መጡ። ብርቅዬ አሥር ምስክር ፈልጋ ነበር የመጣችው፤ አሁን ከጎኗ የተንበረከኩትን ቀና ብላ ለማየት እንኳ ፈራች። እግዚአብሔር እዚያው መካከላቸው እንደቆመ ያህል ነበር የተሰማት።

ሁሉም ሄቨንን ጠበቁ።

"እማዬ ማን እንዳለው ታውቅ ነበር" አለች ልጅቷ። "ልትሞት አንድ ሳምንት ሲቀራት፣ 'ለብርቅዬ ንገሪያት። ለልጇ ደንግጣ ነው፤ እኔም እናት ነኝ። ይቅር ብያታለሁ በያት' አለችኝ። አልነገርኩዎትም እትዬ ብርቅዬ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲቃጠሉ እያየሁ፣ ይቃጠሉ አልኩ።"

ይህን ብላ እሷም መጥታ ከብርቅዬ አጠገብ ተንበረከከች።

"እኔም በድያለሁ።"

ቆመው የቀሩት ጋሼ መኳንንት ብቻ ነበሩ። "ተሰረየላችሁ" አሉ። "ተሰረየላችሁ" ብለው ደገሙ። ለሦስተኛው ጊዜ ከማለታቸው በፊት ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ሦስተኛውን እስኪሉላቸው ድረስ አንዲት ሴት ከመሬት አልተነሳችም።