የአቶ በፍቃዱ እምቢተኛ ደም

ሔርሜላ የአቶ በፍቃዱን ደም ወድዳዋለች ቢባል ሐሰት አይደለም። የደም ካንሰር ሴሎች አንዳንዴ መድኃኒት የማይበግራቸው ለምን ይሆን ብላ፣ ዲላ ላይ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ምርምር ከጀመረች ስምንት ወር ሆኗታል። የሌሎቹን ሕመምተኞች ደም በየቀኑ የሚውጡት የካንሰር ክኒን አስተካክሎታል። አቶ በፍቃዱ ግን ከሚኖሩበት ከቡሌ በመጡ ቁጥር ነጭ የደም ሴላቸው ጨምሮ ይገኛል። ሰውየው እየከሱ ነው፤ እሷ እግዜር ይቅር ይበላትና ለእምቢተኛው ሴል ስም እያወጣች ነበር።

"ክኒኑን በትክክል ይወስዳሉ?" ብላ ስትጠይቃቸው፣ "አንድም ቀን አልዘለልኩም" ይላሉ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ አይዋሹም። ቢሆንም ማጣራት ደንብ ነውና አንድ ጠዋት በሞተር፣ ጭቃ እየተረጨባት ቡሌ ወጣች።

ቤታቸው ስትደርስ ቆጮ ቀርቧል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጎረቤት፣ አቶ ከፈለኝም ማዕዱ ላይ ተቀምጠዋል። አቶ በፍቃዱ ጸለዩ፤ ክኒናቸውን አወጡና በቢላ ለሁለት ከፈሉት። ተለቅ ያለውን ግማሽ ለጎረቤታቸው ሰጡ።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ብቻዬን ልዋጥ እንዴ ልጄ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን" አሉ አቶ ከፈለኝ ኮራ ብለው። "ግን መድኃኒቱ ደካማ ነው። ጉልበቴን አልነካውም።"

ሔርሜላ ነገሩ ገባት። ሴሉ እምቢ አላለም፤ እምቢ ያሉት ሰውየው ናቸው፣ ብቻቸውን መብላትን። እሷ ደግሞ ሴሉ እንዲያምፅ ስትመኝ ከርማለች። አፈረች።

"ሙሉውን ካልዋጡት ይሞታሉ" አለቻቸው።

"አይሆንልኝም" አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ትንሽ አሰበችና ከቦርሳዋ ለመንገድ የያዘችውን የተቆላ ሽምብራ አወጣች። "እንግዲያው ጋሽ በፍቃዱ ክኒኑን ሲውጡ፣ ጋሽ ከፈለኝ እኩል አንድ ፍሬ ሽምብራ ይበላሉ። በየጠዋቱ።"

ሁለቱ ተያዩ። ይህ ነውር የለበትም።

ከሦስት ወር በኋላ ተያይዘው ዲላ መጡ። የአቶ በፍቃዱ ነጭ የደም ሴል ወርዷል፣ ጉንጫቸውም ሞልቷል። ሔርሜላ ከደስታዋ ብዛት ውጤቱን ደጋግማ አነበበችው። ምርምሯ ሌላ እምቢተኛ ይፈልግ።

አቶ ከፈለኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ያንቺ ሽምብራ ጉልበቴን አሻለልኝ። ብቻዬን ግን አልበላሁትም፤ በየጠዋቱ ግማሹን ለበፍቃዱ ሰጠሁት። ይኸው፣ እሱንም አዳነው።"