ክንዱን በገዛ ካርዱ

ክንዱ «አጭበርባሪ» ብሎ ያዋረደኝ ሰው ሞልቶ ባለበት ነው። ብድሬንም የምመልሰው ሰው ሞልቶ ባለበት ነው ብዬ ማልሁ።

ዓባይ ማዶ፣ ጋሽ ሣህሉ ጌም ቤት ውስጥ ጧት ጧት እጠርጋለሁ፤ ከሰዓት ደግሞ እጫወታለሁ። እጫወት ነበር ልበል። የቤቱ ሕግ አንድ ነው፦ ያሸነፈ ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ይነሣል። ልጃቸውን ክንዱን በመኪና ውድድር አምስት ጊዜ ከወንበሩ አስነሣሁት። በአምስተኛው፣ «ስትጠርግ ኮምፒውተሩን እየነካካች ነው! አጭበርባሪ!» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ሣህሉም ልጃቸውን አመኑ። «ሥርጉት፣ ከዛሬ ጀምሮ መጥረጊያሽን ብቻ ያዢ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ባጃጅ ነጂው ሁሉ «እንዴት አደርሽ አጭበርባሪዋ?» ይለኛል።

ሦስት ሳምንት ቂሜን አቅፌ ጠረግሁ።

ከዚያ የጨዋታውን ሥዕል የሚያሳምር አዲስ ግራፊክስ ካርድ መጣ። ክንዱ ካርቶኑን እንደ ክርስትና ልጅ አቅፎ ገባ፤ ኮምፒውተር ጠጋኙ አማኑኤል በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ገጠመለት። ሲበራ፣ እውነቱን ልናገር፣ አፌን ከፈትሁ። የጨዋታው መንገድ በሐይቅ ዳር ያልፋል። በአሮጌው ኮምፒውተር ውኃው የቀዘቀዘ አጥሚት ነው የሚመስል። በአዲሱ ግን ፀሐይ ላዩ ላይ ትጨፍራለች፤ እንቦጭ ያልደረሰበት ጣና በሉት።

አማኑኤል ግን አስጠነቀቀው። «ስማ ክንዱ፣ ይህ ካርድ በአንዱ ሥዕልና በሚቀጥለው መካከል ከራሱ ገምቶ ሥዕል ይጨምራል። ለዓይን ይለሰልሳል፤ በፍጥነት ስታጥፍ ግን መኪናዋ ዘግይታ ነው የምትሰማህ። ስትወዳደር ይህችን አጥፋት።»

«ሰው አዲስ ነገር አምጥቶ ያጠፋል እንዴ? ሁሉንም እስከ ጫፍ ከፍ አድርግልኝ!»

አማኑኤል ትከሻውን ሰብቆ እንዳለው አደረገለት። እኔ ከጠረጴዛው ሥር አቧራ እየጠረግሁ ነበር። መጫወት ተከለከልሁ እንጂ መስማት ማን ከለከለኝ?

ቅዳሜ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ክንዱ አዲሱ ላይ ተዘፍዝፎ ልጆቹን አንድ በአንድ ያስነሣል። እነሱ የእሱን ስክሪን በጎን ሲያደንቁ ከመንገድ ይወጣሉ፤ እሱ ቀስ ብሎ እየታጠፈ ያሸንፋል። መጥረጊያዬን ጣልሁ።

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ያጫውቱን። ኮምፒውተሩን እሱ ይምረጥ። ከተሸነፍሁ ሥራውንም እለቃለሁ። ካሸነፍሁ ግን ዋሽቼባት ነው ብሎ በሰው ፊት ይናገር።»

ክንዱ ሳቀ። «አሮጌው ላይ ትቀመጥ! ከአሮጌው ጋር ትመሳሰላላችሁ።»

«እንዳፍህ ያድርገው» አልሁት።

«እሺ፣ ሦስት ዙር» አሉ ጋሽ ሣህሉ።

ሁለቱን ዙር ከኋላው ተለጠፍሁበት እንጂ አልቀደምሁትም። እንዲደነግጥ፣ እንዲቸኩል ነው የፈለግሁ። ቸኮለም። በሦስተኛው ሐይቁ ዳር ያለው ጠማማ መንገድ ላይ በሙሉ ፍጥነት ደረስን። የእኔ ውኃ አጥሚት ነው፤ መኪናዬ ግን ቁልፉን ስነካ እጥፍ አለች። ክንዱ ቁልፉን ደበደበ። መኪናው አሰበችበት፤ ደግማ አሰበችበት፤ ከዚያ ያን የሚያምር ውኃ ውስጥ ገባች።

«ዘጌ ሊሻገር ነው! ታንኳ አምጡለት!» አሉ ልጆቹ።

እኔ ጨረስሁ። እሱ ገና ከሐይቁ እየወጣ ነው።

«ካርዱ ተበላሽቷል!»

«ቃልህን» አሉት አባቱ።

«ዋሽቼባት ነው» አለ ወደ ጫማው።

«አልተሰማም። በሩ ላይ ቆመህ፣ ባጃጅ ነጂዎቹም ይስሙ እንጂ» አልሁ።

በሩ ላይ ቆሞ ጮኸው። ሁለት ጊዜ አስደገምሁት። አንዱ ይበቃ ነበር፣ አውቃለሁ።

ሰው ሲበተን ተለሳልሶ መጣ። «ሥርጉትዬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ካርዱ ምን ሆኖ ነው?»

አማኑኤል ያላትን አንዲት ነገር ማጥፋት ብቻ ነበር። ፊቱን አየሁት። ሦስቱ ሳምንት ትዝ አለኝ።

«አዲስ ስለሆነ ነው፤ እስኪላመድህ ምንም ሳትነካ ታገሠው። እስከ ፋሲካ ይስተካከላል።»

አመነኝ። ይህን ስጽፍ ገና ጥቅምት ነው፤ በየቅዳሜው አስነሣዋለሁ።