ሃያ አንድ ቀን በባልዲ

ባለቤቴ ማህላቃ ሆስፒታል ከገባች ወዲህ ስለ ዓሣዎቿ እንጂ ስለ እኔ ጠይቃ አታውቅም። ሕክምናው የሰውነቷን የበሽታ መከላከያ ስለጨረሰው ብቻዋን ክፍል ተዘግቶባታል። በመስታወት እየተያየን በስልክ እናወራለን።

የአዲሱ ዓመታችን የኖሩዝ ዋዜማ፣ «ለበዓሉ ገበታ ቀይ ዓሣ ገዛህ?» አለችኝ።

«ገዛሁ፣ ከመንገድ ዳር።»

«ስማኝ ፋራማርዝ፣ ከእነቢቢ ጋር እንዳትቀላቅላት። ሃያ አንድ ቀን በባልዲ ለብቻዋ! መረቧም ለብቻ!»

«አንቺ ደግሞ! ዓሣም ለይቶ ማቆያ ይገባል እንዴ?»

«እሺ በለኝ።»

«እሺ አልኩሽ!»

ቢቢ ከስድስቱ ዓሣዎቿ አንዷ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ማህላቃ ጣቷን የገንዳው መስታወት ላይ ስታደርግ እየዋኘች መጥታ አፏን ትለጥፋለች። ልጅ አልወለድንም፤ በቤታችን ሲጠሯት የምትመጣ እሷ ብቻ ናት።

ዓመቱ ሲለወጥ ገበታው ፊት ብቻዬን ተቀመጥኩ። ውጭ እንደ ከተማችን እንደ ራሽት ልማድ ያካፋል። እንደ በዓሉ ወግ ገበታው ላይ ያስቀመጥኳት ቀይዋ ዓሣ በጠባቧ ብርጭቆ ውስጥ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ሆዴ ባባ። በኖሩዝ የተኳረፈ እንኳ ይጠያየቃል፣ እሷ ምን አጥፍታ ነው ብቻዋን የምትውለው? አንስቼ ከእነቢቢ ጋር ጨመርኳት። እንዲያውም «እንኳን አደረሳችሁ» አልኳቸው። ጅል ሽማግሌ!

በአምስተኛው ቀን ቢቢ ከጠጠሩ ጋር ስትታከክ አየኋት። በማግስቱ ክንፏ ላይ ጨው የተነሰነሰባት መሰለች። ውሃውን አሞቅሁ፣ ግማሹን ቀየርኩ፣ መድኃኒት ጨመርኩ። አንድ በአንድ ስድስቱም አለቁ። ቢቢ መጨረሻ ላይ ጣቴን ብለጥፍላት ዞር ብላም አላየችኝ። ግቢያችን ካለችው ሮማን ሥር ቀበርኳትና እንደ ልጅ አለቀስኩ። በሽታውን ያመጣችው ቀይዋ ግን ደህና ናት።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ነርሷ በር ላይ ጠበቀችኝ። እንድታስገባኝ ስንት ጊዜ ለምኛት፣ ስንት ጊዜ ተቆጥቻት ነበር!

«አባቴ፣ ደስ ይበልዎት! ዶክተሩ አምስት ደቂቃ ፈቅዷል። ይሄን ይልበሱና ይግቡ።»

ልብሱን ተቀበልኳት። ለበዓል የመጣ ዘመድ ሁሉ ሲስመኝ ሰንብቶ ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮዬን ከርከር ያደርገኛል። ሳል እንኳ የለውም። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል?

«አይ፣ ልጄ» ብዬ ልብሱን መለስኩላት። «ጉንፋን ሳይዘኝ አልቀረም።»

ማህላቃ ከውስጥ እጇን ዘርግታ ትጠራኛለች። ስልኩን አነሳሁ።

«ምነው? ና እንጂ! ጠላኸኝ?»

«ጉሮሮዬን አሞኛል።»

«ጭንብል አድርገህስ?»

«አይሆንም።»

«ጨካኝ!» አለችና ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። «ቢቢስ?»

«ትጠብቅሻለች።»

«ቀይዋስ?»

«ባልዲ ውስጥ ናት፣ ለብቻዋ።» ይሄኛው እንኳ አሁን እውነት ነበር።

«ጎበዝ። እንግዲያው አንተም ባልዲህ ውስጥ ቆይ።»

ስልኩን አስቀምጣ ጣቷን መስታወቱ ላይ አደረገች፣ ቢቢን ስትጠራ እንደምታደርገው። ተጠግቼ ከንፈሬን ለጠፍኩበት። መስታወቱ ይቀዘቅዛል።